ዶላር እጥፍ ሲሆን ዋጋ ለምን እጥፍ አልሆነም?

«ዶላር በባንክ እጥፍ ሆኗል፤ ታዲያ የዋጋ ንረት ቀነሰ የሚሉን እንዴት ነው?» ለሚለው ጥያቄ በሥራ ያየሁትን ልበል። ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ነው የምንሸጠው።

መጀመሪያ፣ ቀነሰ የተባለው ፍጥነቱ ነው። ሐምሌ 2016 አካባቢ 20 በመቶ ገደማ የነበረው ዓመታዊ ንረት በዓመቱ ወደ 14 በመቶ ተጠጋ። ዋጋው ራሱ መቼ ወረደ? ደመወዙ ያልተነካ ሰው ይህን ሰምቶ ቢናደድ አልፈርድበትም።

ወደ ዶላሩ ስንመጣ፣ የባንኩ ዋጋ ድሮም ገበያችንን አይገዛም ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ ባንክ 57 ብር ሲል ጥቁር ገበያው ከ110 አልፎ ነበር። ሶማሌ ተራ ዋጋ የሚቆረጠው በጥቁሩ ነው። ስለዚህ ሐምሌ 22 ቀን መንግሥት የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀው ጭማሪው ዕቃው ላይ ቀድሞ ገብቷል።

እኛን የነካን ቀረጡ ነው። ጉምሩክ የሚያሰላው በባንክ ምንዛሪ ነዋ! የ1,000 ዶላር ፍሬን ሸራ መጣ እንበል፤ ቀረጡን 30 በመቶ አድርጉት፣ ሌላውን ታክስ ለጊዜው ተዉት። በ57 ሲሰላ ቀረጡ 17,100 ብር ነበር፤ ባንኩ 115 ሲገባ 34,500 ሆነ። ዕቃው ራሱ ግን በጥቁሩ ስለሚሰላ በፊትም በኋላም 115,000 ብር ነበር እንበል። ደምሩት፦ ከ132,100 ወደ 149,500፣ 13 በመቶ ገደማ ጭማሪ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ጉድ ነበር። ጅምላ ሻጩ መደርደሪያው ሞልቶ «አልቋል» ይላል። ዛሬ የሸጠውን ነገ በስንት እንደሚተካው አያውቅማ። ስግብግብ የለም አልልም፤ ብዙው ግን ፍርሃት ነበር።

በባንክ ዶላር የሚገባው ዕቃ ላይ ነገሩ ይለያል። ቤንዚን ከ83 ብር በታች ነበር፤ ታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ላይ ከ101 አለፈ። ያውም መንግሥት ዋጋውን ቀስ በቀስ ስለጨመረው ነው። ነዳጅ ሲጨምር ደግሞ የጭነት መኪናው ሂሳብ ይጨምራል፤ አገር ውስጥ የተመረተው ጤፍና ሽንኩርትም አይተርፍም።

ሌላው የብድር ጉዳይ ነው። ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ላይ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር። ይሄ እኛ ሰፈር በደንብ ተሰምቷል። በዱቤ ይወስድ የነበረው ጋራዥ ብር አጥሮታል፤ በካሽ የሚገዛው ደግሞ አንድ ፍሬ ለመውሰድ አምስት ሱቅ ዞሮ ይከራከራል። ዋጋ ብንሰቅልም የሚገዛን የለም።