ማሲንቆዬን ማን ዋጠው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አዲስ አበባ ካለ ክራር ተጫዋች ጓደኛዬ ጋር እሁድ እሁድ በቪዲዮ መተግበሪያ እንገናኛለን። በቅኝት ብቻ ተስማምተን፣ ከዚያ የመጣልንን ነው የምንጫወተው። ግን እሱ ሲገባ የኔ ማሲንቆ ይጠፋል። ምታችንም እየተንቀራፈፈ ይሄዳል። ጥፋቱ የኛ ነው?

መልስ፦ የእናንተ አይደለም ወንድሜ። እነዚህ መተግበሪያዎች የተሠሩት ለወሬ ነው። ንግግር ይቆራረጣል፤ የማራገቢያ ድምፅ ግን አይቋረጥም። ስለዚህ ረዝሞ የሚጎተት ድምፅ ሲሰሙ ጫጫታ መስሏቸው ያፍኑታል። የማሲንቆ ደጋን ሥራው ደግሞ ድምፅ መጎተት ነው! ሁለት ሰው እኩል ሲያሰማም አንዱን ዝቅ ያደርጋሉ።

በኔም ደርሷል። ክራሬን ስመታ ድምፁ ጠብ ይልና ጅራቱ ይቆረጣል። ሳላስበው በኃይል መምታት ጀመርኩ። ጓደኛዬ ደግሞ እስክጨርስ ዝም አለ። ተራ ጠባቂዎች ሆንን። መቀባበል መልካም ነው፤ ግን መሃል ገብቶ መደረብ ከሌለ የጨዋታው ነፍስ ወጣች ማለት ነው።

ሴቲንግ ውስጥ ግባና የድምፅ ማጣሪያውን አጥፋ። ሁለታችሁም የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ። ዋይፋይ ትታችሁ ኬብል ሰኩ።

መዘግየቱ ግን አይጠፋም። በመካከላችሁ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ኢንተርኔቱን በሚያደርሰው የመስታወት ገመድ፣ በፋይበር ውስጥ፣ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። መስመሩ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ ከ55 ሚሊሰከንድ አያንስም። ይህ አዳራሽ ውስጥ 19 ሜትር ያህል ርቆ ከተቀመጠ ሰው ጋር እንደ መጫወት ነው፤ መተግበሪያው የሚጨምረው ሳይቆጠር። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ጃክትሪፕ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይህንን ጭማሪ ይቀንሳል፤ ርቀቱን ግን አያሳጥርም። አንተ እሱን፣ እሱ አንተን ሲጠብቅ ነው ምቱ የሚጓተተው።

እ.ኤ.አ. በ1987 ዘ ሃብ የተባለ የስድስት ሰዎች የኮምፒውተር ሙዚቃ ቡድን ኒው ዮርክ ውስጥ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ቦታ ተጫውቷል። በስልክ መስመር የተላላኩት ድምፅ አልነበረም። ኮምፒውተሮቻቸው ስለሚጫወቱት ነገር መረጃ ይለዋወጡ ነበር። መስመሩ የሚችለውን አውቀው ጨዋታቸውን በዚያ ልክ ሰፉት።

እናንተም እሁድ ምቱን ተዉት። አንቺሆዬ ቃኙ። አንተ አንድ ድምፅ ይዘህ ጎትት፤ እሱ በላዩ ይበትን። 10 ደቂቃ ያህል፣ ሁለታችሁም በየቤታችሁ የምትሰሙትን እየቀዳችሁ። ከመዘግየቱ የተነሳ አንተ የምትሰማው ጨዋታና እሱ የሚሰማው ይለያያሉ። ሁለቱንም ቅጂ ላኩልኝ፤ ጎን ለጎን ልሰማቸው በጣም እፈልጋለሁ።