ጥያቄና መልስ፦ ከባርነት ማግሥት በአሜሪካ ደቡብ፣ ነፃ የወጡ ጥቁሮችና ነጭ አሠሪዎቻቸው

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጥቁሮቹ ነፃ ከወጡ በኋላ ለምን ወደ ቀድሞ ጌቶቻቸው እርሻ ተመለሱ?

መልስ፦ መሬቱ ከእጃቸው ስለተነጠቀ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1865፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ማብቂያ፣ የሰሜኑ ጦር ጄኔራል ሸርማን የደቡብ ካሮላይናና የጆርጂያ የባሕር ዳርቻ መሬት ለአንድ ቤተሰብ እስከ 40 ኤከር እየተሸነሸነ እንዲሰጥ ቢያዝም፣ በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ጆንሰን ለቀድሞዎቹ ባለቤቶች እንዲመለስ አደረገ። መርዶውን በደቡብ ካሮላይና ለኤዲስቶ ደሴት ነፃ ወጪዎች የነገረው፣ የነፃ ወጪዎችን ጉዳይ የሚመራው የመንግሥት ቢሮ ኃላፊ ጄኔራል ሃዋርድ ጌቶቻችሁን ይቅር በሏቸው ሲላቸው፣ አንተ በጦርነት ያጣኸው ቀኝ እጅህን ብቻ ነው፤ ዛፍ ላይ አስሮ 39 ጊዜ የገረፈኝን፣ አሁንም እኔ በቆረጥኩት ዋጋ ካላረስክልኝ ባዶ ጎጆዬ ውስጥ አታድርም የሚለኝን ሰው እንዴት ይቅር ልበል የሚል ደብዳቤ ጻፉለት።

ጥያቄ፦ በውል ይሠሩ ከነበረ ግን በፈቃዳቸው ነው ማለት አይቻልም?

መልስ፦ አይቻልም። በ1865 የወጣው የሚሲሲፒ ሕግ ጥቁሩ በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ሥራ እንዳለው በጽሑፍ እንዲያስረዳ ያስገድድ ነበር፤ ውሉ ሳያልቅ የሄደ የሠራበትን ደመወዝ ያጣል። ውሉን ብቻ አታንብቡ፤ የሒሳብ መዝገቡ በማን እጅ እንደነበረ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የእኩል እርሻውስ የነጮቹ ፈጠራ ነው?

መልስ፦ ይህ ብዙ ጊዜ በስህተት የሚነገር ነገር ነው። ባለ እርሻዎቹ የፈለጉት እንደ ቀድሞው በአለቃ ሥር በጭፍራ የሚያሠሩትን ሠራተኛ ነበር፤ ነፃ የወጡት ግን ያንን እምቢ ብለው፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ማሳ ለብቻው እንዲያርስ፣ ሚስቶችም በአለቃ እንዳይታዘዙ ታገሉ። የእኩል እርሻ የዚህ ትግል ውጤት ነው። ወጥመድ የሆነው በኋላ ነው፦ አራሹ እህሉንና ጨርቁን ከባለ መሬቱ ወይም ከነጋዴው በውድ ዋጋ በዱቤ ይወስዳል፣ ገና ያልበቀለው ጥጥ መያዣ ይሆናል፣ ሲታጨድም ሒሳቡን የሚያነበው አበዳሪው ነው። ማንበብ መማር ተከልክሎ ያደገ ሰው ያንን መዝገብ በምን ይሞግተዋል? ደግሜ እላለሁ፣ መዝገቡን ጠይቁ።

አንድ አባል፦ የእኛም ጭሰኛ እኩልና ሲሶ ሲገብር ኖሯል፤ ልዩነቱ አይታየኝም።

ሌላ አባል፦ ማነጻጸር ካስፈለገ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ከቀረው ከራሳችን ባርነት ጋር ነው እንጂ ከጭሰኛ ጋር አይደለም።

መልስ፦ ሁለቱም ራሱን የቻለ ጥያቄ ይገባዋል። እዚህ ከጉዳያችን አንውጣ።

ጥያቄ፦ አድማ መትተው ያውቃሉ?

መልስ፦ አዎን። እ.ኤ.አ. በ1866 በሚሲሲፒ የጃክሰን ከተማ ልብስ አጣቢ ሴቶች ዋጋቸውን በአንድነት ወሰኑ። በ1887 በሉዊዚያና ወደ 10,000 የሚጠጉ የሸንኮራ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች፣ በባለ እርሻው ሱቅ ብቻ በሚያገለግል ወረቀት ፋንታ ጥሬ ገንዘብ ይከፈለን ብለው ሥራ አቆሙ፤ ቲቦዶ ከተማ ላይ የታጠቁ ነጮች በርካቶችን ገደሉ።

ጥያቄ፦ ካልተስማማቸው ለምን ጥለው አልሄዱም?

መልስ፦ ይህን ከላይ መልሻለሁ፤ እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ። በዕዳ አስሮ ማሠራት በፌዴራል ሕግ የተከለከለው በ1867 ነው። ሆኖም አላባማ ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ ሥራውን ጥሎ የሄደን ሠራተኛ እንደ አጭበርባሪ ትቀጣ ነበር፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንን ሕግ የሻረው በ1911 ነው።