የህንድን ፊልም ካን ድረስ የሚያደርሰው ማነው?

ጥያቄ፦ እኛ ቤት የህንድ ፊልም ማለት ዝናብ ውስጥ ጭፈራና የምታለቅስ እናት ነው። ሰሞኑን ግን ካን ላይ (የፈረንሳዩ ትልቅ የፊልም ፌስቲቫል) የተሸለመ አንድ የህንድ ፊልም አየሁ። ሙምባይ ያሉ ነርሶች ታሪክ ነው፤ ጭፈራ የሚባል ነገር የለውም። ይህን ዓይነቱን ፈልጎ የሚያወጣው ማነው? ዳይሬክተሩ ራሱ ነው የሚልከው? (አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ያየሽው የህንዳዊቷን ዳይሬክተር የፓያል ካፓዲያን (Payal Kapadia) ፊልም መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2024 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደዚሁ ናቸው) የካንን ሁለተኛ ትልቅ ሽልማት፣ ግራንድ ፕሪን፣ ወስዷል። የህንድ ፊልም ካን ዋናው ውድድር ውስጥ ሲገባ ከ30 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነበር፤ ያውም በዓመት ከሺህ በላይ ፊልም ከሚሠራ አገር!

ዳይሬክተሩ መላክማ ይችላል። ግን ከሱ ጋር ስንት ሺህ ሰው ይልካል። እዚህ ጋ ነው ፕሮግራመሮቹ፣ ማለትም ለፌስቲቫል ፊልም የሚመርጡት፣ የሚመጡት (የኮምፒውተሮቹን አይደለም የምልሽ)። ለምሳሌ ሚናክሺ ሼዴ ሙምባይ ሆና ለበርሊን ፌስቲቫል የደቡብ እስያን ፊልሞች ስትጠቁም ኖራለች። የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጡት በርሊን ያሉት ናቸው። የእሷ ዓይነት ሰው ሥራ በሂንዲ ብቻ ሳይሆን በማላያላም፣ በማራቲ፣ በአሳምኛ የተሠራውን ሁሉ አይቶ፣ ገና ያላለቀውን ፊልም ሳይቀር፣ «ይቺን እዩልኝ» ማለት ነው። ህዳር ላይ ህንድ ጎዋ ውስጥ ፊልም ባዛር (አሁን ዌቭስ ፊልም ባዛር) የሚባል የፊልም ገበያ አለ፤ ከ2007 ጀምሮ። መራጮቹ እዚያ ሄደው ኮምፒውተር ፊት የጆሮ ማዳመጫ አድርገው ይቀመጣሉ፤ አንዱን ሲጨርሱ ሌላውን። በርሊን የካቲት ላይ ስለሆነ ጊዜው ይገጥማል።

አንድ ሰው በጊዜ ማየቱ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለማወቅ ወደ ታዋቂው የህንድ ዳይሬክተር ሳትያጂት ራይ እንመለስ። «ፓተር ፓንቻሊ»ን ሲቀርጽ ገንዘብ አለቀበት፤ የሚስቱ ጌጥ ሳይቀር ለብድር መያዣ ተሰጥቷል። በ1954 ሞንሮ ዊለር የሚባል የኒውዮርኩ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሰው፣ ለፊልም ሳይሆን ለጨርቃ ጨርቅና ለጌጣጌጥ ኤግዚቢሽን ጉዳይ ካልካታ መጥቶ ነበር። የፊልሙን ፎቶዎች አየና ሙዚየሙ ውስጥ እናሳየዋለን አለ። ከወራት በኋላ አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ጆን ሂውስተን ወደ ህንድ ሲመጣ የተቀረጸውን ጥቂት አይቶ ደገፈው። የምዕራብ ቤንጋል ክልል መንግሥትም ገንዘብ ሰጠ፣ በመንገድ ሥራ ሒሳብ አስመዝግቦ ነው አሉ፣ የፊልሙ ስም የመንገድ ዘፈን ማለት ስለሆነ። እናም በ1955 ፊልሙ ካልካታ ሳይታይ ኒውዮርክ ታየ።

በቀጣዩ ዓመት ካን ሄደ። እዚያ ደግሞ ምቹ ያልሆነ ሰዓት ተሰጥቶት ብዙው ሰው ሳያየው ቀረ። ያዩት ሃያሲዎች ግን ዝም አላሉም፤ እንደገና ይታይ ብለው ወተወቱ። ታየ፣ ምርጥ ሰብዓዊ ሰነድ ተብሎም ተሸለመ። እነዚያ ሃያሲዎች ተኝተው ቢሆን ኖሮ፣ በቃ፣ ቀርቶ ነበር።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። መራጮቹ ጥቂት ሲሆኑ የእነሱ ጣዕም የአገሪቱ ፊልም መልክ ሆኖ ያርፋል። ውጭ አገር የሚታየው ድህነትና ዝምታ ይበዛበታል፣ ያንቺ ቤቱ ጭፈራ በር ላይ ይቀራል። ህንዳዊቷ የፊልም ሃያሲ አሩና ቫሱዴቭ ይህን ቀድማ ገብቷት ይሁን አይሁን እንጃ፣ ብቻ በ1988 «ሲኔማያ» የሚባል የእስያ ፊልም መጽሔት ጀመረች፣ በኋላም ዴልሂ ላይ የእስያ ፊልም ፌስቲቫል አቋቋመች፤ እስያውያን ስለ ፊልማቸው ራሳቸው ይጻፉ፣ ራሳቸው ይምረጡ ብላ።

ጥያቄ፦ አጭር ፊልም ጨርሻለሁ። ዩቲዩብ ላይ ጭኜ ሊንኩን ለፌስቲቫሎች ብልክ ይሻላል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ኧረ ቆይ ወንድሜ! ከትልልቆቹ ብዙዎቹ ኢንተርኔት ላይ የወጣን ፊልም አይቀበሉም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እነሱ ጋ እንዲታይ ይፈልጋሉ። ጎዋ የሚሄዱት ህንዶችም ፊልማቸውን ለሕዝብ ሳይሆን ለመራጮችና ለፊልም ገዢዎች ነው የሚያሳዩት። የይለፍ ቃል ያለው ሊንክ ላክ፣ እንግሊዝኛ ሰብታይትሉን ሌላ ሰው ያንብበው፣ የእያንዳንዱን ፌስቲቫል ደንብም ክፍያ ከመክፈልህ በፊት እየው።