ብራናና ባና በጭቃ ግድግዳ ላይ

ጥያቄ፦ በትንሿ የማኅበረሰብ ሙዚየማችን የአካባቢያችንን ሠዓሊያን ሥራ ለሦስት ወር ልናሳይ ነው። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው፤ የብራና ሥዕሎችና የመንዝ ባና (ከበግ ሱፍ የተሠራ ብርድ ልብስ) አሉን። ምን እንጠንቀቅ? (ከአንኮበር)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት እርጥበቱን አስቡ። እንደ እናንተ ጉም በሚውልበት አገር ጭቃ ግድግዳ ውሃ ይዞ ይቆያል። ብራና ቆዳ ነውና እርጥበት ሲስብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ቀለሙ ግን እኩል ስለማይሳብ ይሰነጠቅና ይረግፋል። ስለዚህ ብራናው ከመስታወቱ ጋር አይጣበቅ፤ በመካከላቸው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ክፍተት የሚሰጥ የካርቶን ጠርዝ አስገቡ። ዳር ዳሩን በሙጫ መለጠፍ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ብራና መላወሻ ይፈልጋል። ከፍሬሙ ጀርባ፣ ታችኞቹ ሁለት ማዕዘኖች ላይ የ2 ሴንቲ ሜትር ቡሽ ብትለጥፉ አየር ይዘዋወራል፤ ሻጋታም ቶሎ አይዝም።

በጭቃ ላይ የተመታ ሚስማር ልስኑን ይዞ ይወርዳል። ከጣሪያው ሥር አግዳሚ እንጨት እሰሩና እያንዳንዱን ሥዕል በሁለት ሽቦ አንጠልጥሉ፤ በአንድ ሽቦ ከሆነ ሰው በነካው ቁጥር ይጣመማል። የሥዕሉ መካከል ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ይዋል። ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበትን መስኮት በአቡጀዲ ጋርዱ።

የባናው ጠላት ብል ነው። በፕላስቲክ አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ሲወጣ ፕላስቲኩን ለ24 ሰዓት አትክፈቱ፤ አለዚያ ሱፉ ላይ ጤዛ ያርፋል። ሲሰቀልም በላይኛው ጠርዝ ጀርባ የጨርቅ እጅጌ ሰፍታችሁ ዘንግ አሳልፉበት፤ በሚስማር ከተያዘ የራሱ ክብደት ይቀደዋል።

ሥራዎቹን ስትረከቡ ፎቶ፣ ልኬት፣ ቀድሞ የነበረ ጉዳትና ዋጋ የሰፈረበት ሰነድ በሁለት ቅጂ ተፈራርማችሁ አንዱን ለሠዓሊው ስጡ።