የቤቴን ኮምፒውተር ከቢሮ ብከፍት ወንጀል ነው?

ጥያቄ፦ የምሠራው በአንድ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። የግል ፋይሎቼ ያሉት ቤት በተውኩት ኮምፒውተር ላይ ነው። ከቢሮ ሆኜ በሪሞት ዴስክቶፕ (አንድን ኮምፒውተር ከሩቅ ሆኖ ማዘዣ ፕሮግራም) ልከፍተው ስሞክር ፋየርዎሉ፣ ማለትም የቢሮውን የኢንተርኔት መግቢያና መውጫ የሚጠብቀው ሥርዓት፣ ከለከለኝ። ኮምፒውተር የሚያውቅ ጓደኛዬ «ፖርቱን (ግንኙነቱ የሚያልፍበትን ባለቁጥር በር) ወደ 443 ቀይረው» አለኝ። ቀየርኩት፣ ሠራ። ሦስት ሳምንት ያህል ተጠቀምኩበት። ትናንት ከአይቲ ክፍል «ከኮምፒውተርዎ ያልተለመደ ግንኙነት ስላየን ሰኞ መጥተው ያነጋግሩን» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። እኔ የገባሁት የገዛ ኮምፒውተሬ ውስጥ ነው። ታዲያ ወንጀለኛ ነኝ? ሊያባርሩኝስ ይችላሉ? ከሰኞ በፊት ሁሉንም ነገር ላጥፋው?

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፤ እሱ ነው የሚያጣድፈው። ምንም ነገር አያጥፉ። ግንኙነቱን ያቁሙ፣ ቤት ያለውን ኮምፒውተር ከውጭ እንዳይከፈት አድርገው ይዝጉት። ማቆም ሌላ፣ መሰረዝ ሌላ ነው።

ለምን? አንደኛ፣ ቢያጠፉም አይጠፋም። ፋየርዎሉ የትኛው ማሽን፣ ወደ የትኛው አድራሻ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል ዳታ እንደላከና እንደተቀበለ መዝግቦ ይዟል። ያ ሎግ ያለው እነሱ ጋ ነው። ሁለተኛ፣ ምርመራ እንዳለ ካወቁ በኋላ ማስረጃ ማጥፋት በብዙ አገሮች ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ትንሹን ጉዳይ በገዛ እጅዎ ትልቅ ያደርጉታል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ሁልጊዜ የሚያናድደኝ እሱ ነው፤ ሰው የሚጎዳው ባደረገው ሳይሆን ያደረገውን ሊሸፍን ሲሯሯጥ።

ሦስተኛውን ምክንያት ልብ ይበሉት። ያ የሚፈሩት ሎግ ሊጠቅምዎት ይችላል። በሪሞት ዴስክቶፕ ሲገናኙ በብዛት የሚጓዘው የስክሪን ምስል ነው። ምስሉ ከቤት ወደ ቢሮ ይመጣል። ከቢሮ ወደ ቤት የሚሄደው በአመዛኙ የኪቦርዱና የማውሱ ትእዛዝ ነው፤ ያ ደግሞ ኢምንት ነው። ስለዚህ መዝገቡ ብዙ ገቢና ጥቂት ወጪ ካሳየ «የድርጅቱን ፋይል አላወጣሁም» የሚለውን ቃልዎን ይደግፋል። የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ነዎት፤ የአለቆችዎ ዋና ፍርሃት ይኸው መሆኑ አይቀርም። አንድ ነገር ግን አይርሱ። በዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ ላይ ኮፒ ፔስት ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያውም ክፍት ነው። አንድ ሰንጠረዥ እንኳ ከዚህ ወደዚያ ቀድተው ከሆነ ለጠበቃዎ በግልጽ ይንገሩ። ለእኔ ባይነግሩኝም አልቀየምም።

አሁን ወደ ወንጀሉ። የሚኖሩበትን አገር አልጻፉልኝም፣ ስለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ ልሰጥዎት አልችልም። የኮምፒውተር ወንጀል ሕጎች ግን መሠረታቸው ተቀራራቢ ነው። የአሜሪካው የ1986ቱ ሕግም ሆነ የእንግሊዙ የ1990ው ሕግ የሚጠይቁት «ፈቃድ ነበረው ወይ?» ብለው ነው። ለቤትዎ ኮምፒውተር ፈቃድ ሰጪው ራስዎ ነዎት። በዚያ በኩል ወንጀል የለም። ጥያቄ የሚነሳው በተሻገሩት መስመር ላይ ነው። መስመሩ የቢሮው ነው።

እዚህ ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 የወሰነው የቫን ቢዩረን ጉዳይ ይጠቅመናል። ሰውየው የጆርጂያ ግዛት ፖሊስ ነበር። በሥራው በተፈቀደለት የመረጃ ቋት ውስጥ ገብቶ ለገንዘብ ብሎ የመኪና ታርጋ አጣራ። ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ የ1986ቱን ሕግ አልጣሰም አለ። በሩ ለእሱ ክፍት ነበር፤ ዓላማው መጥፎ መሆኑ ብቻ ክፍቱን በር ዝግ አያደርገውም።

ደስ አይበልዎት ታዲያ። የእርስዎ በር ክፍት አልነበረም። መጀመሪያ ሲሞክሩ ተዘግቶ አገኙት። የሪሞት ዴስክቶፕ የተለመደ ፖርት 3389 ነው፤ 443 ደግሞ ድረ ገጾች እንዲያልፉበት የተተወ ነው። እርስዎ በድረ ገጽ ስም አሳለፉት። «የሚከፈት ፖርት ነበር» ማለት አያዋጣም። «ጓደኛዬ ነው ያለኝ» ማለት ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ ሌላ ሰው ይጎትታሉ እንጂ አይድኑም። ያም ሆኖ የድርጅቱ መረጃ ካልወጣና ሲስተሙ ካልተጎዳ፣ በእኔ ግምት ይህ ዐቃቤ ሕግ ፋይል የሚከፍትበት ዓይነት ጉዳይ አይደለም። የሚሠሩት ባንክ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ግን ይህን ግምቴን ይተዉትና ዛሬውኑ ጠበቃ ያነጋግሩ።

ዋናው አደጋ ያለው እንጀራዎ ላይ ነው። ሲቀጠሩ ሳያነቡ የፈረሙት ወረቀት አለ አይደል? ያውጡት። ስለ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት አጠቃቀም የሚል ክፍል አይጠፋውም። እዚያ ውስጥ የደኅንነት መቆጣጠሪያን ማለፍ በግልጽ ተከልክሎ ከሆነ ቢያንስ ማስጠንቀቂያ ይጠብቁ። ማሰናበት ይችላሉ ወይ ለሚለው፣ ብዙ የሥራ ሕጎች የጥፋቱንና የቅጣቱን ልክ ያመዛዝናሉ። ከዚህ በፊት ተቀጥተዋል? ሌላ ሠራተኛ ይህንኑ አድርጎ በዝምታ ታልፏል? ጉዳት ደርሷል? የሚከራከሩት በእነዚህ ነው። ደግሞም የሦስት ሳምንት የሥራ ሰዓት አለ። «የግል ፋይል» ያሉት የጎን ሥራ ከሆነ ጉዳዩ ከፋየርዎል አልፎ ሌላ ይሆናል።

እነሱስ እንዲህ የመከታተል መብት አላቸው? በአብዛኛው አዎ፣ ግን ልቅ አይደለም። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2017 በባርቡሌስኩ ጉዳይ፣ አሠሪው ክትትሉ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ አስቀድሞ ለሠራተኛው ሳያሳውቅ የግል መልእክቶቹን መከታተሉን ተመልክቶ፣ የሮማኒያ ፍርድ ቤቶች የግል ሕይወት መብቱን በበቂ አላስጠበቁለትም ብሏል። የእርስዎ ነገር ከዚያ ቀለል ይላል፤ ወዴት እንደተገናኙ ማየትና የጻፉትን ማንበብ አንድ አይደለም።

ሰኞ ሲሄዱ የሆነውን በአጭሩ ይናገሩ። መቼ እንደጀመሩ፣ ለምን እንደሆነና እንዳቆሙት ይንገሯቸው። የጣሱት የትኛውን አንቀጽ እንደሆነ ያሳዩዎት። የሚፈረም ነገር ከመጣ «ወስጄ ላንብበው» ይበሉ። ወደፊት ያስፈልገኛል ካሉ በጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቁ፤ ብዙ መሥሪያ ቤት ቪፒኤን (በተጠበቀ መስመር ከሩቅ መገናኛ) ወይም ሌላ መላ አለው። እስከዚያው በእረፍት ሰዓት፣ በራስዎ ስልክና በራስዎ ዳታ ቤትዎን ይክፈቱ። የቢሮውን ላፕቶፕ ግን ከስልክዎ ሆትስፖት ጋር አያገናኙት፤ እሱም ፋየርዎሉን መዝለል ነው።

«የቤትህን ኮምፒውተር አምጣና እንየው» ካሉዎት እዚያው እሺም እምቢም አይበሉ። ጥያቄውን በጽሑፍ ይስጡኝ ይበሏቸውና ወረቀቱን ይዘው ጠበቃ ጋ ይሂዱ። እዚያ ውስጥ ያለው የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ የቤተሰብዎም ፎቶና ደብዳቤ አለበት።