ሠራዊቱም በሚጠቀምበት ኤርፖርት በትንሿ ሴስና 172 አውሮፕላን ለማረፍ

ወንድም፣ «ተዋጊ ጄቶች ባሉበት ክልላዊ ኤርፖርት በ172 ላርፍ ነው፤ ከለመድኩት ምን ይለያል?» ላልከው፦ መንደርደሪያው ረጅምና ሰፊ ስለሚሆን ማረፉ አያስቸግርህም። ልትጠነቀቅ የሚገባህ ለገመዱና ለማትሰማው ሬዲዮ ነው።

ገመዱ ፍሬን የከዳው ጄት በጭራው መንጠቆ የሚይዘው ሲሆን መንደርደሪያውን አቋርጦ ይዘረጋል። ውፍረቱ 3 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ መንጠቆው ከሥሩ እንዲገባ የጎማ ዲስኮች ከአስፋልቱ ከፍ አድርገው ይይዙታል። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከመንደርደሪያው ጫፍ ከ300 እስከ 450 ሜትር ባለው ርቀት ላይ ነው፤ አንተ ጎማ የምታስነካው እዚያው አካባቢ ነው። የ172 የፊት ጎማ ትንሽ ስለሆነ በፍጥነት ከተሻገርከው የፊት እግሩ ይመታል፤ ገመዱ ነጥሮ ፕሮፔለሩን ሊያገኘውም ይችላል። ቦታውን በአግድም የተደረደሩ ትልልቅ ቢጫ ክቦች ያሳዩሃል። ተዘርግቶ እንደሆነ ኖታም (ለአብራሪዎች የሚወጣ ማስታወቂያ) ላይ አይተህ፣ ታወሩንም (የኤርፖርቱን የበረራ ተቆጣጣሪዎች) ጠይቀህ አረጋግጥ። ከተዘረጋ አልፈኸው ዕረፍ። መንደርደሪያው 2400 ሜትር ሆኖ በሁለቱም ጫፍ 450 ላይ ገመድ ቢኖር እንኳ በመካከላቸው 1500 ሜትር አለህ፤ ለ172 ይተርፋል። በታክሲ (በመሬት ላይ እየነዳህ) መሻገር ግድ ከሆነ በሰው ርምጃ ፍጥነት፣ መሪውን ወደ ራስህ ስበህ ተሻገር። ስትነሣም ከገመዱ ወዲያ ካለ ታክሲዌይ (ወደ መንደርደሪያው የሚያስገባ መንገድ) እንድትነሣ ፈቃድ ጠይቅ።

ወደ ሬዲዮው ስንመጣ፣ ጄቶቹ በአብዛኛው ከ225 እስከ 400 ሜጋኸርትዝ ባለው ዩኤችኤፍ የሬዲዮ ሞገድ ያወራሉ፤ የአንተ ቪኤችኤፍ ከ118 እስከ 137 ነው። ታወሩ በሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚያስተላልፍ ከሆነ ተቆጣጣሪውን ትሰማለህ፣ የጄቱን አብራሪ ግን አትሰማም። ተቆጣጣሪው መመሪያ ሰጥቶ ዝም ሲል መስመሩ ባዶ መስሎህ አትግባ፤ መልስ እያዳመጠ ነው። ሁለት ድምፅ እኩል ከደረሰው አንዱ ይጠፋል። ጥቂት ሰከንዶች ታገሥ።

«ኢኒሽያል» የሚል ቃል ከሰማህ ጄቶች ወደ መንደርደሪያው እየመጡ ነውና ዓይንህን ወደ ፋይናሉ መስመር (ለማረፍ ቀጥታ ወደ መንደርደሪያው የሚመጣበት) ላክ። ጄቶቹ እንደ አንተ በዳውንዊንድ (ከመንደርደሪያው ጎን ትይዩ፣ ከማረፊያው በተቃራኒ አቅጣጫ በሚበረርበት መስመር) አይገቡም፤ ከምድር 1500 ጫማ ገደማ ላይ በመንደርደሪያው አቅጣጫ ቀጥ ብለው ይመጡና ከበላዩ ሲደርሱ አንድ በአንድ ተጠምዝዘው ወደ ዳውንዊንድ ይዞራሉ። በ300 ኖት (የባሕር ማይል በሰዓት) 5 ማይል የ1 ደቂቃ መንገድ ነው፤ አንተ በ65 ኖት 2 ማይል ለመጨረስ 2 ደቂቃ ሊሞላህ ነው። ተቆጣጣሪው ዳውንዊንድህን እንድታረዝም ቢያዝህ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከሁሉም የሚያሰጋኝ ስህተት ግን ሌላ ነው፦ 4 ጄቶች ሲመጡ አንዱን አይቶ «አየሁ» ብሎ ከሁለተኛው ፊት መግባት። ስንት እንደሆኑ ጠይቅ፣ ቁጠራቸው፣ የመጨረሻውን ሳታይ «አየሁ» አትበል።

ነዳጅ አብዝተህ ያዝ። አንድ ጄት ገመዱን ከያዘ፣ ጄቱ ተላቆ ገመዱ ወደ ቦታው እስኪመለስ መንደርደሪያው ዝግ ነው። እኔ ከሕጋዊው መጠባበቂያ በላይ 45 ደቂቃ እላለሁ። እዚያ አቭጋዝ (የአውሮፕላን ቤንዚን) አገኛለሁ ብለህም አትሂድ፤ ሠራዊቱ የሚቀዳው የጄት ኬሮሲን ስለሆነ የቤንዚን ሞተርህን ይገድለዋል።

የቅድሚያ ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ ቁጥሩን በበረራ ዕቅዱ 18ኛ ክፍል አስገባ። መሬት ላይ መሣሪያ ከሚታጠቁና ከሚፈቱ ጄቶች ፊት አትለፍ፤ ሞተሩ ከሚሠራ ጄት ኋላም ታወሩ ሳይፈቅድልህ አትጠጋ።