ባት ሲያም፦ የደም መሄጃው ነው ወይስ መመለሻው?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ስለ ሁለት ሰዎች ነው፤ መልሱም ሁለት ነው። አባትሽ ጥቂት ሲራመዱ ባታቸውን ጨምድዶ ይይዛቸዋል፣ ቆም ሲሉ ይለቃቸዋል። አንቺ ደግሞ ቆመሽ ስለምትውዪ ማታ ማታ እግሮችሽ ያብጣሉ፣ ደም ስሮችሽም ተጠማዝዘው ይታያሉ። ለሁለታችሁም ጠበቅ ያለ የሕክምና ካልሲ ልትገዢ አስበሻል፤ ደም ስር የሚያጥብ መጠጥ እንዳለም ሰምተሻል። የእግር ቁስል ክትትል ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመታት በነርስነት ሠርቻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ። ከሁሉ በፊት ግን ሐኪም ሳያያቸው ለአባትሽ ካልሲውን አትግዢ።

ደም ወደ እግር የሚወስደው ደም ቅዳ ሌላ፣ ወደ ልብ የሚያመጣው ደም መልስ ሌላ ነው። ደም ቅዳ የልብን ግፊት በቀጥታ ስለሚሸከም ግድግዳው ወፍራምና ጡንቻማ ነው። ደም መልስ ስስ ነው፤ በውስጡ ያለው ግፊትም አነስተኛ በመሆኑ ደሙ ከቁርጭምጭሚት ሽቅብ ለመውጣት እርዳታ ይሻል። አንዱ ረዳት ደም ወደ ታች እንዳይንሸራተት የሚዘጉት ቫልቮች ናቸው። ሌላው ስንራመድ ደም ስሩን እየጨመቀ ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው። ሳይንቀሳቀስ ቆሞ የሚውል ሰው ይህ ጡንቻ አይሠራለትም። ደሙ ይጠራቀማል፣ ስሩ ይለጠጣል፣ ቫልቮቹም መግጠም ያቅታቸዋል። ያንቺ ችግር ይህን ይመስላል፤ ካልሲውም ከውጭ በመጫን ይረዳል።

የአባትሽ ግን መሄጃው የጠበበ ይመስላል። ያረፈ ጡንቻ በጥቂት ደም ይብቃቃል፤ ሲሠራ ግን ብዙ ይጠይቃል፤ የጠበበው ደም ቅዳ ያንን ማድረስ ሲሳነው ባት ይጮኻል። መጥበብ ደግሞ ከምናስበው በላይ ክፉ ነው፦ የአንድ ቱቦ ወርድ በግማሽ ቢቀንስ ፈሳሹን የሚገጥመው እንቅፋት በ16 እጥፍ ያድጋል። እንዲህ ባለ እግር ላይ የሚያጠብቅ ካልሲ ማጥለቅ የቀረችውን ደም መንፈግ ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። የቁርጭምጭሚት የደም ግፊት ይለካና ለክንድ ግፊት ይካፈላል፤ ውጤቱ ከ0.9 በታች ከሆነ ደም ቅዳው ጠቧል ማለት ነው። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ግን ደም ቅዳቸው ስለሚደድር ቁጥሩ ጤነኛ መስሎ ያታልላል፤ ያን ጊዜ የእግር አውራ ጣት ግፊት መለካት አለበት። አባትሽ ስኳር ካለባቸው ይህን ራስሽ ጠይቂ። «እርጅና ነው»፣ «ወገብ ነው» እየተባሉ ቆይተው ጣታቸው ከቆሰለ በኋላ የሚመጡ ሰዎችን ደጋግሜ አይቻለሁና አባትሽን አታዘግዪ።

ስለሚያጥበው መጠጥ ብዙ አልልም። ደም ስር ዝገት የያዘ ቧንቧ አይደለም። ስቡ የሚከማቸው ከውስጠኛው ሽፋን ሥር፣ በግድግዳው ውስጥ ስለሆነ ታጥቦ የሚወጣ ነገር የለም። ሽፋኑ ራሱ፣ ማለትም ኢንዶቴሊየም፣ ውፍረቱ የአንድ ሴል ብቻ ነው፤ ሆኖም ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ እያመነጨ ደም ስሩ እንዲላላ ያዛል። ይህን ምሥጢር የገለጡ ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ይህን ሽፋን የሚጎዱት ሲጋራ፣ ከፍተኛ የደም ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል ናቸው። አባትሽ የሚያጨሱ ከሆነ ከማንኛውም መድኃኒት በፊት እሱን ይተዉ። ጨውም በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን።

ቀጥሎ የምነግርሽን ብዙ ሰው አያምነኝም፤ ለጠበበ ደም ቅዳ ከሚሰጡት ሕክምናዎች ዋነኛው መራመድ ነው። ሐኪማቸው ከፈቀደ ሕመሙ እስኪበረታ ይራመዱ፣ እስኪለቃቸው ይረፉ፣ እንደገና ይነሡ። ይህን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ በሳምንት 3 ቀን፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንታት ይቀጥሉ። ቤተሰብ ስለሚሳሳ «አባባ፣ አይድከሙ» ይላል፤ መቀመጡ ግን ጡንቻውን የባሰ ያደክመዋል። ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን ስታቲንና የደም መርጋትን የሚከላከለውን መድኃኒት ሐኪሙ ይወስናል።

ተኝተው ሳለ እግራቸውን የሚያማቸው ከሆነ ወይም ጣታቸው ላይ የማይድን ቁስል ካለ ቀጠሮ አትጠብቂ። እግራቸው በድንገት ከቀዘቀዘና ከገረጣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። አንቺም አንድ እግርሽ ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመሽ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ታዪ፤ ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ከታከለበት ድንገተኛ ነው።

ካልሲሽን በተመለከተ፣ መጀመሪያ የእግርሽን የደም ምት ያዳምጡልሽ። ልኩን ጠዋት፣ እብጠቱ ሳይጀምር አስወስጂ፤ ስታጠልቂውም እንደዚያው ጠዋት ከአልጋ እንደተነሣሽ ይሁን። ሥራ ላይ ደግሞ በየመሐሉ ተረከዝሽን ከመሬት እያነሣሽ መልሺ።